ሰባት ቤት፣ ከቨርጂኒያ እስከ ሳን ሆዜ

ላገባው የነበረውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ያመጣሁት አንድ እሑድ ምሳ ላይ ነው። ያኔ የምንኖረው ኦክላንድ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ነበር። አባቴ ዳውንታውን ኦክላንድ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነው። እናቴ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የማታ ሽፍት ትሠራለች። እኔ ሳን ሆዜ ትምህርቴን ጨርሼ እዚያው አንድ ቢሮ ሒሳብ ክፍል ገብቼ ነበር፤ ሰውየውንም ያገኘሁት እዚያው ነው። ነጭ አሜሪካዊ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ረጅምና ዝምተኛ፣ ሰው ቤት ሲገባ እጁን የት እንደሚያደርገው ግራ የሚገባው ዓይነት ነበር።

አባቴ እንግሊዝኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ቃሉን እየመረጠ፣ ቀስ እያለ ነው። ምሳው ተነስቶ እጃችንን ከታጠብን በኋላ ወንበሩን ወደ እንግዳው አስጠጋና ወደ እኔ ዞረ።

“እስቲ ሰባት ቤት ይቁጠር በዪው።”

“አባዬ፣ እሱ እኮ ፈረንጅ ነው። የት ተገናኝተን ነው የምንዛመደው?”

“ዘመድ ነው አላልኩም። ልጄን የሚወስደው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ልስማ ነው ያልኩት። ይኼን መጠየቅ ነውር አይደለም።”

እናቴ ብርጭቆ እየሰበሰበች፣ “ልጁን አታስጨንቀው፤ ገና እህሉ አልወረደለትም” አለች።

ተረጎምኩለት። አባቱን ጠራ፣ የአባቱን አባት ጠራ፣ ከዚያ ጣሪያውን አየና ቆመ። አላፈረም፤ ይልቅ ፊቱ በራ። “አያቴ ታውቃለች” አለ። “የአባቴ እናት። ሳን ሆዜ ናት። ስለዚህ ነገር የሚጠይቃት ሰው ካገኘች ቤቷ አስገብታ አትለቀውም።”

“እንግዲያው እንሄዳለን” አለ አባቴ፣ ነገሩ እንዳለቀ አድርጎ።

ይህን ሁሉ ያደረገው ልጁን ሊያስቸግር አልነበረም። አባቴ ያደገው መሬት በትውልድ ቆጠራ በሚገኝበት አገር ነው። ርስት የሚጠይቅ ሰው ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ከራሱ ጀምሮ እስከ መጀመሪያው አቅኚ ድረስ ይቆጥራል። በአባቱ በኩል ያልደረሰው መሬት በእናቱ በኩል ሊደርሰው ስለሚችል ሁለቱንም ወገን ማወቅ ነበረበት። ያላወቀ ሰው “ከዚህ በላይ አላውቅም” ብሎ ይቀመጣል፤ መሬቱም ይቀርበታል። አባቴ በወጣትነቱ አጎቱ ሲሟገቱ አብሯቸው ተቀምጦ ሰምቷል። በኋላ መሬቱም በአዋጅ ተወሰደ፣ እሱም አዲስ አበባ ገባ፣ ቀጥሎም በሱዳን አድርገን እዚህ ደረስን። ቆጠራው ግን ከአፉ አልጠፋም። መኪና ሲነዳ እንኳ አንዳንዴ ለራሱ ያነበንበዋል።

ሳን ሆዜ የሄድነው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። አያትየው ሰማንያ ያለፋቸው፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ጆሯቸው ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ ያላቸው ሴት ነበሩ። ቤታቸው የእንጨት ነው። እሳቸውና ባለቤታቸው ሲገዙት ዙሪያው ፕሪምና አፕሪኮት የሚባሉት ፍሬዎች እርሻ እንደነበር ነገሩን፤ እኛ ስንደርስ ግን ከጓሮው አጥር ወዲያ የሚታየው የኮምፒውተር ኩባንያዎች ሕንፃ ነበር። ከእርሻው የቀሩት ሁለት የአፕሪኮት ዛፎች ናቸው። በልጅነታቸው በጋ በጋ አፕሪኮት እየሰነጠቁ ፀሐይ ላይ ማስጣት ሥራቸው እንደነበር ሲናገሩ አውራ ጣታቸው ላይ ያለውን የቢላ ጠባሳ ለእናቴ አሳዩአት።

አባቴ “ማዘር” ብሎ ጠራቸው፤ አዲስ አበባ ትልልቅ ሴቶችን እንደምንጠራው። እሳቸውም ወደዱት፤ ከዚያ በኋላ በሌላ ስም ጠርቷቸው አያውቅም።

የመመገቢያው ጠረጴዛ ላይ እያጣበቁ ያስረዘሙትን ወረቀት ዘረጉ። ከላይ እስከ ታች የወንዶች ስም ነው። ችግሩ ሦስቱ አባትና ልጅ ሆነው አንድ ዓይነት ስም ነበራቸው፤ አባቴ ማን ማን እንደሆነ ጠፋበት። ስለዚህ እኔ እየተረጎምኩ፣ እሳቸው ስለ እያንዳንዱ ሰው የሚያውቁትን ሲናገሩ፣ አባቴ በአማርኛ ቅጽል ያወጣላቸው ጀመር።

የመጀመሪያው ለመርከቡ የሚከፍለው ስላልነበረው ለዓመታት በሰው እርሻ ሊያገለግል ተዋውሎ ቨርጂኒያ የገባው ነው። ይህ “ባለመርከቡ” ተባለ። ልጁ፣ ውሉ ካለቀለት ከአባቱ ጋር ወደ ምዕራብ ተነሥቶ ተራሮቹ ሥር ካለው ሸለቆ ሰፈረ፤ “ባለሸለቆው”። የእሱ ልጅ ተራራውን ተሻግሮ ኬንታኪ ገባ፤ አገሩ ገና ዳር አገር ነበር። ጫካ መንጥሮ፣ ግንድ በግንድ ላይ ደርቦ ቤት ሠርቶ፣ በቆሎ ዘራ፤ አባቴ “መንጣሪው” አለው። የመንጣሪው ልጅ ትልቁን ወንዝ ተሻግሮ ሚዙሪ ገባ። የእሱ ልጅ በበሬ በሚጎተት ጋሪ ሚስቱንና ገና ጡት ያልተወ ልጁን ጭኖ ካሊፎርኒያ ደረሰ። ጋሪው ላይ የነበረው ሕፃን አድጎ ስንዴ ገበሬ ሆነ። የሕፃኑ ልጅ የማዘር አባት ነው፤ ይህን የሳን ሆዜ ሸለቆ አትክልት ካለበሱት ሰዎች አንዱ።

አባቴ በጣቱ እየቆጠረ ተከተለና፣ “ሰባት ሞላ” አለ በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ “ቬሪ ጉድ፣ ማዘር” አላቸው።

አያትየው እንዲህ ተብለው የሚያውቁ አይመስለኝም። የልጅ ልጃቸው ሶፋው ላይ ተኝቷል።

“እሺ፣ መንጣሪው ያን ሁሉ ጫካ መንጥሮ ሲያበቃ ልጁ ለምን ለቆ ሄደ?” አለ አባቴ።

“ተፈርዶበት” አሉ። “ሌላ ሰው የዚያኑ መሬት ወረቀት ይዞ መጣ። ያኔ ኬንታኪ አንዱን መሬት ሁለትና ሦስት ሰው ያስለካው ነበር። ወሰኑ ‘ከትልቁ የዋርካ ዛፍ እስከ ጅረቱ’ እየተባለ ነው የሚጻፈው፤ ዛፉ ሲወድቅ ወሰኑም ይጠፋል። ስንት ዓመት ተካሰው በመጨረሻ ተረታ።”

እርግጥ ዋርካ አላሉም፤ እሳቸው ያሉትን ዛፍ ስም ስለማላውቀው ነው ዋርካ ያልኩት። ነገሩ ግን አባቴን ከወንበሩ ሊያስነሣው ደረሰ።

“ይኼማ የርስት ሙግት ነው!” አለ። “ምስክር ነበረው? አዋሳኞቹን ጠሩ? ዳኛው ቦታው ድረስ ሄዶ አየ?”

እሳቸው የሚያውቁትን መለሱ፤ የማያውቁትን አላውቅም አሉ። እኔ በሁለቱ መካከል ስተረጉም ድምፄ ሻከረ። እናቴ የማታ ሥራ ስላለባት ደጋግማ ሰዓቷን ታያለች። መጨረሻ ላይ አባቴ ሁለት ነገር ጠየቀ። የመጀመሪያው፣ “ከእነሱ በፊት መሬቱ የማን ነበር?” የሚል ነው።

ማዘር መነጽራቸውን አወለቁ። “ሌሎች ሰዎች ነበሩበት። አገሩ የእነሱ ነበር። በጦርነት ነው የወጡት፤ ከእኛም ሰዎች የተዋጉ አሉ።”

“አልከሰሱም?”

“የሚከሱበት ፍርድ ቤት አልነበራቸውም።”

አባቴ በአማርኛ፣ “እንግዲህ ቆጠራው እዚያ ላይ ይከብዳል” አለ። ተርጉሚ አላለኝም፤ ማዘር ግን ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። “አዎ” አሉ፤ “ይከብዳል።”

ሁለተኛው ጥያቄ፣ “በእናትስ?” የሚል ነበር። “የመንጣሪው ሚስት የማን ልጅ ናት? የባለጋሪውስ?”

ማዘር ወረቀቱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። “ይህን እኔም ጠይቄ ነበር። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ይስቅብኝ ነበር፤ ወንዶቹን እንኳ ገና አልጨረስሽም ይለኝ ነበር። የመንጣሪው ሚስት የተጻፈችው ‘ሚስቱ’ ተብላ ብቻ ነው። ባሏ ለክስ ርቆ ሲሄድ ልጆቿን ይዛ መሬቱን የጠበቀችው እሷ እንደነበረች ግን ከአያቴ ሰምቻለሁ።”

“መሬቱን የጠበቀች ሴት እንዴት ስም አይኖራትም?” አለ አባቴ። “እንፈልጋት።”

ያን ቀን ወደ ኦክላንድ ስንመለስ፣ “ቤተሰቡ ደህና ነው” አለ። ፈቃዱ ይኸው ነበር።

በዚያ ዓመት ማዘር ጥቁር ነጥብ ዓይናቸው መካከል እየመጣ ማየት ስለከለከላቸው መንዳት አቁመው ነበር። ኦክላንድ ኮረብታው ላይ ለማንም ክፍት የሆነ፣ የድሮ መዝገቦች በፊልም የሚታዩበት ቤት አለ። አባቴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ ሳን ሆዜ ሄዶ ያያቸውና፣ በሥራ ቀን ዕረፍት ሲኖረው ደግሞ አምጥቶ እዚያ ይወስዳቸው ጀመር። የልጅ ልጃቸው መጀመሪያ አንድ ሁለቴ አብሮ ሄደ፤ ከዚያ ሰለቸው።

የእኔና የእሱ ነገር በዚያው መሐል ላላ። ሲያትል ጥሩ ሥራ ተገኘለት። እኔ ደግሞ ወላጆቼን ጥዬ ለመሄድ አልፈለግሁም፤ እናቴ ወገቧን እያመማት ነበር፣ የባንኩም የኢንሹራንሱም ደብዳቤ የሚነበበው በእኔ ነው። ለወራት ተነጋገርንበት። እሱ “አንድ ዓመት ሞክሪው” ይለኛል፣ እኔ “አንተ አንድ ዓመት ቆይ” እለዋለሁ። ሁልጊዜ የምንገናኘው ከእኔም ከእሱም ቤት መሐል ስለሆነ ኒውአርክ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን እዚያው መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ሁለታችንም የምንለው አለቀ። ያጨኝበትን ቀለበት መለስኩለት። አልተጣላንም። መኪናዬ ድረስ ሸኘኝና ጎማዬ አየር እንደሚያንሰው ነገረኝ።

ቤት ስነግራቸው እናቴ፣ “ካሰብሽበት ጥሩ ነው” አለችና ግንባሬን ሳመችኝ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ የመኪናውን ቁልፍ ሲያነሣ አየሁት።

“የት ልትሄድ ነው?”

“ሳን ሆዜ። ማዘር ይጠብቁኛል።”

“አባዬ፣ እኛ እኮ ተለያየን።”

“የተለያያችሁት እናንተ ናችሁ” አለ ጫማውን እያሰረ። “እኔና እሳቸው ሥራ ጀምረናል።”

ተናደድኩ። የቀረ ሠርግ አማች ሆኖ የሰው በር ማንኳኳት ምን ማለት ነው? ሴትየዋም በይሉኝታ እምቢ ማለት አቅቷቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሰኞ ከቢሮ ኮል አደረግኩላቸውና በጥንቃቄ በመረጥኩት እንግሊዝኛ፣ አባቴ ካስቸገራቸው በነፃነት እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው።

ማዘርም መልሰው ጠየቁኝ። “የደወልሽው አባትሽን ልትከለክዪኝ ነው?”

“አይ፣ እንዳያስቸግርዎ ብዬ ነው።”

“እኔ ማንበብ አልችልም” አሉ። “እሱ ያነብልኛል። ያንቺና የልጅ ልጄ ነገር አሳዝኖኛል፤ ግን ሐሙስ ቀጠሮ አለን።”

ሐሙስ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ኮረብታው ላይ ሄድኩ። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ ሰዎች በየመሣሪያው ፊት ተደርድረው ተቀምጠዋል። አባቴና ማዘር ጥግ ላይ ነበሩ። አባቴ መዞሪያውን ቀስ አድርጎ ያዞራል፣ መስተዋቱ ላይ የድሮ እጅ ጽሑፍ ይመጣል። ጽሑፉ ለእሱ አይገባውም፤ ቃሉን አንብቦ መጥራት አይችልም። ስለዚህ ፊደሉን አንድ በአንድ ይጠራል። “ደብሊው። አይ። ዲ። ኦ። ደብሊው።” ማዘር ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና፣ “ባሏ የሞተባት” ይላሉ። እሱ “ኦኬ” ብሎ ይቀጥላል። የፊደሉ ስም ሲጠፋው በጣቱ አየር ላይ ይስልላቸዋል፤ እሳቸው ስለማይታያቸው እጁን ይዘው በጣቱ እንቅስቃሴ ይገምታሉ። ሳያዩኝ ኋላ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ሳን ሆዜ ጠይቄው አላውቅም።

ከወንዝ ተሻጋሪው ሚስት ጀምረው ነበር፤ እሷን አገኟት። ወላጆቿ የዚያው የኬንታኪ ሰዎች ነበሩ። የባለጋሪውንም ሚስት አገኟት፤ አባቷ ሚዙሪ ውስጥ አንጥረኛ ነበር። እነዚህ በተገኙ ቀን አባቴ ቤት ሲገባ ያስታውቃል፤ ኮቱን ሳያወልቅ ለእናቴ ይነግራታል። እናቴም ለሥራ ስትለባብስ “ደግ፣ ደግ” ትለዋለች፤ በኋላ ግን በደንብ ትሰማው እንደነበር አወቅሁ።

የመንጣሪውን ሚስት አላገኟትም። በጋብቻ ፈለጉ፣ በሙግት ፈለጉ፣ በጎረቤቶቹ ስም ፈለጉ። አንዴ አገኘናት ብለው ሳምንት ከተደሰቱ በኋላ፣ ያቺ ሌላ ሴት እንደሆነች ታወቀ። በመጨረሻ ማዘር እኛ ቤት ምሳ ሊበሉ በመጡ ቀን፣ “ይበቃናል” አሉት።

“ገና ያላየነው ፊልም አለ” አለ አባቴ።

“አለ። ግን ደከመኝ። እንደ እናንተ አገር ሰው ልበል፤ ከዚህ በላይ አላውቅም።”

አባቴ ምግቡን ማላመጥ አቆመ። አገሩ ቢሆን ይህን ያለ ሰው ተሸንፎ ነው የሚቀመጠው። ማዘር ግን የተሸነፈ ሰው ፊት አልነበራቸውም፤ እናቴን ሽሮው እንዲጨመርላቸው ጠየቁ።

በዚያው በጋ ልደታቸውን ለማክበር ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ሳን ሆዜ ተሰበሰቡ፤ እኛንም ጠሩን። ላለመሄድ ሰበብ ፈልጌ ነበር፤ እናቴ “የጠሩሽ አሮጊቷ ናቸው እንጂ እሱ አይደለም” ብላ አስነሣችኝ። እሱም ከሲያትል መጥቷል፤ አዲስ ካገባት ሚስቱ ጋር። ደህና ሰው ናት። ጓሮው ውስጥ አፕሪኮቱ በስሎ እየወደቀ ሣሩ ላይ ይረገጣል፤ የሕፃናቱ ጫማ በጭማቂው ተለውሷል።

ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ ማዘር በማንኪያ ብርጭቋቸውን መቱና፣ “አሁን ጓደኛዬ ከየት እንደመጣችሁ ይነግራችኋል” አሉ።

አባቴ ይህን አልጠበቀም፤ ግን ተነሣ። ወረቀት አልያዘም። ኮቱን ቆልፎ፣ ሽማግሌ ፊት እንደሚቆም ሰው እጆቹን አጣምሮ፣ በዚያ ቀስ ባለ እንግሊዝኛው ከማዘር ጀመረ። ስሞቹን በትክክል መጥራት ስላቃተው ስሙን ይልና ቅጽሉን ያስከትላል፤ የአትክልቱ ሰው፣ የጋሪው ሕፃን፣ የጋሪው ሰው። ከእያንዳንዱ ጋር ሚስቱን፣ የሚስቱን አባት ይጠራል። አንዱ ወጣት ሳቅ አለና እናቱ ክንዱን ያዘችው። አንድ ቦታ ላይ ማዘር “አንጥረኛው የሷ አባት ነው፣ የሱ አይደለም” ብለው አረሙት፤ “ሶሪ፣ ማዘር” ብሎ አስተካከለ። ኬንታኪ ሲደርስ፣ “ሚስቱ” አለ። “ስሟን ፈለግን፤ አላገኘንም። መሬቱን ጠብቃለች።” ከዚያ፣ “ከእነሱ በፊት ሌሎች ሰዎች ነበሩ” አለና ወደ ባለሸለቆው አለፈ። መርከቡ ላይ ሲደርስ “ፊኒሽ” ብሎ ተቀመጠ።

ሰዎቹ ማጨብጨብ ይሁን ምን እንደሚሻል አላወቁም፤ ጥቂቶቹ አጨበጨቡ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ማዘር በእጃቸው የአባቴን ጉልበት መታ መታ አደረጉት።

ክረምት ሲመጣ፣ ዝናብ በበዛበት ሰሞን፣ ማዘር ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ገቡ፤ ሳንባቸው ታሞ እዚያው አረፉ። አባቴ የሰማው ከልጃቸው በስልክ ነው። ቁጭ ብሎ ለረጅም ሰዓት አልተነሣም። በማግስቱ ወደ ሥራ የሄደው ጥቁር ለብሶ ነው፤ ፓርኪንጉ ውስጥ ማን ሞተብህ ሲሉት “ትልቅ ሰው” ይላቸው ነበር።

ቀብሩ ላይ እናቴም ፈቃድ ወስዳ መጣች። በር ላይ ከቆሙት አንድ ሰው፣ ምናልባት ሩቅ ዘመድ፣ አባቴን በትሕትና “ከእሳቸው ጋር የምትዛመዱት በምንድነው?” ብሎ ጠየቀው።

አባቴም፣ “በጋብቻ” አለ።

እኔና እናቴ ተያየን። ላገባው የነበረው ሰው አጠገቡ ቆሞ ሰምቷል። “አዎ፣ በጋብቻ” አለና አባቴን ወደ ፊተኛው ወንበር መርቶ አስቀመጠው።

በሚቀጥለው እሑድ ወደ ሲያትል ከመመለሱ በፊት ሚስቱን ይዞ ኦክላንድ መጣ። እጁ ላይ ትንሽ የካሴት መቅጃ ነበረች። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ቀብሩ ላይ በካፖርት ተሸፍኖ አላስተዋልነውም ነበር። እናቴ ትራስ አምጥታ ወገቧ ላይ አደረገችላት። እሱ መቅጃዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ “ከመጀመሪያው ጀምረው ቢነግሩኝ” አለ። “ያኔ ተኝቼ ነበር።”

አባቴ ውኃ ጠጣና ጀመረ። እኔ እንደ ድሮው መሐል ተቀምጬ የጠፋውን ቃል አቀብላለሁ። ካሴቱ ሞልቶ ሲቆም እሱ ገለበጠው፤ አባቴም ካቆመበት ቀጠለ። ሲጨርስ መሽቶ ነበር፤ መንገዱም ረጅም ስለሆነባቸው ብዙ ሳይቆዩ ተነሡ። ደረጃው ድረስ ሸኘናቸው። እናቴ ለመንገድ የቋጠረችላቸውን ምግብ ለሚስቱ ሰጠቻትና እኔን፣ “ሞቅ አድርገው እንዲበሉት ንገሪያቸው” አለችኝ፤ ነገርኳቸው።